ቡአ ደም አያሳንስም፦ ቡአ ውስጥ የተገኘ የአንጀት ካንሰርና ቀዶ ሕክምናው

ቡአ ያለበት ሰው ስለ ቡአው አያወራም። ለሚስቱ መብራት ከጠፋ በኋላ ይነግራታል፣ ለልጆቹ ጭራሽ አይነግርም፤ ሰፋ ያለ ሱሪ እየገዛ ይኖራል። እኔም እንዲሁ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ሥራዬ የመንገድ ቅየሳ ነበር፤ በወሎ ገደላገደል መሣሪያ ተሸክሜ ስወጣና ስወርድ ነው ጡረታ የደረስኩት። በግራ ብሽሽቴ ስቆም የሚወጣ፣ ስተኛ የሚመለስ እብጠት ነበረኝ። ከጊዜ በኋላ ወደ ቆለጤ ወረደ። አያመኝም። ማታ ጋደም ብዬ በመዳፌ ቀስ አድርጌ ስገፋው ጉርር ብሎ ይገባል። የሚንጎራጎረው አንጀት መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር።

አብዛኛው ቡአ ቡአ ብቻ ነው፤ ይህን የሚያነብ ባለ ቡአ ሁሉ እንዲደነግጥ አልፈልግም። የእኔ ግን ውስጡ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኘበት። በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚታይ ነገር ነው። ችግሩም ጥቂትነቱ ነው፤ ሐኪም በቀን ብዙ ቡአ ስለሚያይ የእኔንም ከሌሎቹ ጋር ቢደምረው አይፈረድበትም።

የተለወጠው ነገር እንዲህ ነበር። መጀመሪያ እብጠቱ ስተኛም አልመለስ አለ። ቀጥሎ ለስላሳ በነበረው እብጠት መሐል ጠጣር፣ ሲጫኑት የማይሸሽ ነገር በጣቴ አገኘሁ። ሆዴ አንድ ሰሞን ይደርቃል፣ ሌላ ሰሞን ይላላል። ሰገራዬ ላይ ደም ሳይ የሰማው ሁሉ ኪንታሮት ነው አለኝ፤ በአንድ ክሊኒክ ደግሞ የአሜባ መድኃኒት ተሰጠኝ። ቀበቶዬ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጉንጬ ጎደጎደ። የደሴ ሰው ዳገት አይፈራም፤ እኔ ግን ከገበያ ወደ ቤት ስወጣ በየመሐሉ ድንጋይ ላይ እየተቀመጥኩ ማረፍ ጀመርኩ። እያንዳንዱ ለየብቻው ሰበብ አያጣም። ድርቀቱ ከጾሙ፣ ድካሙ ከዕድሜው፣ መክሳቱ ከሐሳቡ ይባላል። አንድ ላይ ሆነው በአንድ ከስድሳ ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ ሲታዩ ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ።

ጎረቤቴ አሽቶ የሚመልስ ጎበዝ ወጌሻ አለ ብሎኝ ነበር። አልሄድኩም፤ ስብራት ሌላ፣ ሆድ ሌላ ነው ብዬ። አልመለስ ያለን ቡአ በኃይል መግፋት ጤነኛ አንጀትን እንኳ ሊቀድ እንደሚችል፣ ካንሰር ያለበት አንጀት ሲሆን ደግሞ መፈንዳትና ሆድ ውስጥ መረጨት ሊከተል እንደሚችል ኋላ ላይ ተረዳሁ። ስለዚህ ይህን ከሁሉ በፊት እላለሁ፦ አልመለስ ያለ ቡአ አይታሽም። ከዚህ ጋር ትውከት፣ የሆድ መነፋት፣ አየርና ሰገራ መከልከል ወይም ከባድ ሕመም ከመጣ ደግሞ የዚያኑ ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ አንጀቱ ደም አጥቶ እየሞተ ሊሆን ይችላል።

ሆስፒታል ሄጄ የተመዘገብኩት ለተራ የቡአ ቀዶ ሕክምና ነበር። ከወገብ በታች ተደንዝዘው፣ አንጀቱ የሚወጣበት ቀዳዳ በመረብ ተደግፎ ቶሎ ወደ ቤት ይመለሳሉ ተብዬ ቀን ተቆርጦልኝ ነበር። አልጋ ይዤ ሳለ ታሪኬን ሊጽፍ የመጣ ወጣት ሐኪም የዓይኔን የታችኛውን ቆብ በአውራ ጣቱ ዝቅ አድርጎ አየ። እንደገና አየ። መዳፌን ገለበጠ። የሄሞግሎቢን ውጤቴን ፈልጎ ሲያነብ 8.4 ነው፤ ለወንድ ከ13 በታች ደም ማነስ ይባላል። ‹‹አባባ፣ ቡአ ደም አያሳንስም›› አለኝ። ቀጥሎ ስለ ሰገራዬ፣ ስለ ክብደቴ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀኝ፤ እብጠቱንም ለረጅም ጊዜ ዳሰሰው። በማግስቱ ቀዶ ሕክምናው ተሰረዘና ሲቲ ስካን ታዘዘልኝ። ባለቤቴ ቀኑ በመሰረዙ አኩርፋ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ የት እንደሚሠራ አላውቅም፤ ባለበት ይባረክ።

ሲቲ ስካኑ የተነሣው የሚጠጣም በደም ሥር የሚሰጥም ማቅለሚያ ተሰጥቶኝ ነው፤ አስቀድሞ የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋል። ውጤቱን ያስረዱኝ ቀዶ ሐኪሟ ናቸው፤ ረጋ ያሉ ሴት፣ ሲናገሩ ወረቀት ላይ የሚሥሉ። ትልቁ አንጀት ወደ ታች ወርዶ ደንዳኔ ከመሆኑ በፊት የሚጠማዘዝ ክፍል አለው፤ ሲግሞይድ ይባላል። ይህ ክፍል ረጅምና ልል በመሆኑ በግራ ብሽሽት ቡአ ውስጥ መውረድ ይወዳል። የእኔም ወርዶ ቆለጤ ድረስ ገብቷል፤ በወረደው አንጀት ግድግዳ ላይ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል የወፈረ ዕጢ አለ፤ ከእርሱ በላይ ያለው አንጀት በሰገራ ተወጥሯል። ጉበቴና ሳንባዬ ላይ የተዛመተ ነገር አልታየም። ‹‹ካንሰሩ ቡአውን አላመጣውም፣ ቡአውም ካንሰሩን አላመጣውም፤ በአንድ ቤት ተገናኙ እንጂ›› አሉኝ።

ኮሎኖስኮፒም፣ ማለትም አንጀትን ካሜራ ባለው ቱቦ ከውስጥ ማየትም፣ ተሞክሮ ነበር። ቱቦው ከታች ገብቶ አንጀቱ ወደ ቡአው የሚታጠፍበት ቦታ ሲደርስ ሐኪሙ አቆመ። ቱቦው ቡአው ውስጥ ገብቶ አልወጣም ሊል ስለሚችል መግፋት አይገባም አለ። ስለዚህ ናሙና ሳይወሰድ፣ በሲቲ ስካኑና ሲኢኤ በተባለው፣ የአንጀት ካንሰርን በሚጠቁመው የደም ምርመራ ላይ ተመሥርተው ወደ ቀዶ ሕክምናው እንደሚገቡ ነገሩኝ። ‹‹ናሙና ሳይታይ እንዴት ይቆረጣል?›› ብሎ የሚከራከር ዘመድ አይጠፋም፤ እኔም ነበረኝ። አንጀቱ እየተዘጋ ስለሆነ ናሙናው ምንም አለ ምን ያ ክፍል መውጣቱ አይቀርም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ተራ የቡአ ቀዶ ሕክምና ብሽሽት ላይ አንድ አጭር መቅደድ ነው፦ አንጀቱ ይመለሳል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ በቃ። የእኔ ግን ሁለት ቀዶ ሕክምና በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ካንሰሩ ይቀድማል፣ ቡአው ይከተላል። ሙሉ ማደንዘዣ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሆድ ከእምብርት ላይና ታች መሐል ለመሐል ይከፈታል። ጉበቱና የሆድ ግድግዳው በእጅና በዓይን ይፈተሻል። ከዚያ አንጀቱ ከዕጢው በላይና በታች ጤነኛው ቦታ ላይ ይቆረጣል፤ ለዚያ ክፍል ደም የሚያደርሰው ሥርም ከመነሻው ይታሠራል። ለምን ከመነሻው? ካንሰር ወደ ንፍፊቶች የሚሄደው በደም ሥሩ ዙሪያ ባለው ስብ ውስጥ ነው፤ ስቡም ከነንፍፊቶቹ አብሮ መውጣት አለበት። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብሽሽት ላይ ሁለተኛ መቅደድ ይደረግና የቡአው ከረጢት ሳይከፈት ከዙሪያው ይላቀቃል። በሐኪሟ አባባል ‹‹ከነጆንያው እናወጣዋለን፣ አፉን አንፈታም››። ዕጢውን በጠባቡ ቀለበት በኩል ወደ ሆድ መጎተት ሊቀደው ስለሚችል ነው። ዕጢው ትንሽ ሆኖ ያለ ትግል ወደ ሆድ የሚመለስ ከሆነ የብሽሽቱ መቅደድ ላያስፈልግ እንደሚችልም ነገሩኝ፤ በሌላ ሆስፒታል ሌላ ዓይነት ቢነገራችሁ አትደናገጡ፣ እንደ ዕጢው መጠንና እንደ ተጣበቀበት ቦታ ይለያያል።

የስምምነት ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም ነበርና እኔ ልንገራችሁ። አንደኛው፣ ዕጢው ከተጣበቀ የግራ ቆለጥ አብሮ ሊወጣ እንደሚችል ነው። ወረቀቱን ያነበበልኝ ልጅ እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በዚህ ዕድሜ አንዱ ይበቃል ብዬ ፈረምኩ፤ በመጨረሻ ማውጣት አላስፈለገም። ሁለተኛው፣ ሰገራ በሆድ በኩል እንዲወጣ ሊደረግ እንደሚችል ነው። ኮሎስቶሚ ይሉታል፤ ሰገራው ሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ይህኛው ላይ ብዕሬ ቆመ። ልጄን ጠርቼ እስኪ ውጣና አየር ተቀበል አልኩት፣ ከሐኪሟ ጋር ብቻዬን መነጋገር ፈልጌ። ለሁልጊዜ ነው ወይ አልኳቸው። አይደለም፣ ካስፈለገ ለጊዜው ነው፣ ኋላ ይገጠማል አሉኝ።

በዋዜማው አንዲት ሲስተር ማርከር ይዛ መጣች። ‹‹አባባ፣ ሱሪዎን የት ላይ ነው የሚታጠቁት?›› አለችኝ። አሳየኋት። ቆሜ፣ ተቀምጬ፣ ጎንበስ ብዬ አየችኝ፤ ሆዴ የሚታጠፍበትን መስመር ለየች፤ ቀበቶ ከሚያርፍበት ዝቅ ብሎ፣ እኔ ራሴ ጎንበስ ሳልል የማየው ቦታ ላይ በግራ በኩል ክብ ሠራች። ስንት ዓመት ችካል የተከልኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ያለ ጥንቁቅ ምልክት ሲደረግ አይቼ አላውቅም። ምልክት ሳይደረግ በጥድፊያ የተሠራላቸው ሰዎች አጠገቤ ተኝተው ነበር፤ የአንዱ ሰገራ የሚወጣበት የአንጀት አፍ የሆዱ እጥፋት ውስጥ ስለወደቀ ከረጢቱ አልጣበቅ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ያድራል። እናንተ ኮሎስቶሚ ሊሠራ ይችላል ከተባላችሁ ምልክቱን ማን ያደርግልኛል ብላችሁ ጠይቁ።

ደም ያስፈልግ ስለነበር ልጆቼ ሰጡ፤ ሁለት ከረጢት ደም ቀድሞ ገባልኝ። የቀዶ ሕክምናውን ቀን ላወራ አልችልም፣ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ሆዴ ላይ ከረጢት ነበር።

የተቆረጠው አንጀት ለምን እዚያው እንዳልተቀጠለ ሐኪሟ አስረድተውኛል። ከዕጢው በላይ ያለው አንጀት ተወጥሮ ግድግዳው አብጦ ነበር፤ ደሜና ፕሮቲኔም ዝቅ ያለ ነበር። እንዲህ ያለ አንጀት ቢሰፋ የመልቀቅ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ከለቀቀ ደግሞ ሰገራ ሆድ ውስጥ ይፈሳል። ስለዚህ የላይኛውን ጫፍ ወደ ሆድ ቆዳ አወጡት፣ የታችኛውን ዘጉት። ዘዴው በፈረንሳዊው ሐኪም በሃርትማን ስም ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ያቀረበው ነው። አንጀቱ ንጹሕና ጤነኛ ሆኖ የተገኘ ሰው ግን ያለ ከረጢት እዚያው ተገጥሞለት ሊወጣ ይችላል። የቡአው ቀዳዳም በመረብ ሳይሆን በራሴ ጅማት ተሰፍቶ ተዘጋ። አንጀት በተከፈተበት ጠረጴዛ ላይ መረብ መትከል ኢንፌክሽን ይጋብዛል። በስፌት ብቻ የተዘጋ ቡአ ከመረቡ ይልቅ የመመለስ ዕድል አለው፤ ከተመለሰ መረቡ ኋላ በንጹሕ ጊዜ ይደረጋል ተብሏል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት በማግስቱ ከአልጋ መነሣት፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መርፌ፣ ሲያስሉ ሆድን በትራስ ማቀፍ ናቸው። አንድ ነገር ግን ያስደነግጣል። ቆለጤ ከቀድሞው ባልተናነሰ አበጠና ቡአው በሦስተኛው ቀን ተመለሰብኝ ብዬ ነበር። የቡአው ከረጢት የወጣበት ባዶ ቦታ ላይ የተጠራቀመ ፈሳሽ ነው፤ በፎጣ ደገፍ አድርጌው በራሱ ጊዜ ጠፋ። ሌላው ማንም የማይናገረው ይህ ነው፦ ሰገራ በሆድ እየወጣ፣ በታች በኩልም አንዳንዴ ሽንት ቤት መሄድ ያሰኛል፤ ስትቀመጡ ንፍጥ የመሰለ ነገር ይወጣል። የተዘጋው የታች አንጀት የራሱን ፈሳሽ ማመንጨቱን አይተውም። ስፌቱ ለቀቀ ብዬ ተንቀጥቅጬ ነበር።

ስለ ከረጢቱ ጥቂት ዘለግ አድርጌ ልጻፍ። የአንጀቱ አፍ ቀይና እርጥብ ነው፤ ሲነኩት አያምም፣ ሲጠርጉት ትንሽ ቢደማ አያስፈራም። ወደ ጥቁር ካደላ ግን ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ነው። ከረጢቱ ሲሶው ሲሞላ ማራገፍ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ክብደቱ ራሱ ይነቅለዋል። ተለጣፊው ላይ የሚቆረጠው ቀዳዳ ከአፉ ጋር መግጠም አለበት፤ ሰፋ ካለ ሰገራው ቆዳውን ይልጠዋል። አፉ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እየጠበበ ይሄዳል፤ በመጀመሪያ ልክ የቆረጣችሁትን ይዛችሁ አትቀጥሉ፣ በየጊዜው ለኩ። እኔ የወረቀት ልኬት ቆርጬ፣ ቀን ጽፌበት አስቀምጥ ነበር፤ ልጆቼ የአባታችን የቅየሳ ሥራ አላለቀም እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ቆዳው በለብታ ውኃ ብቻ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ቅባት አይነካውም፤ ቅባት ካለ አይጣበቅም።

ከረጢቱ እንደ ልብ አይገኝም። አንዳንድ ሰው ፌስታልና ጨርቅ በቀበቶ አሥሮ ይዞራል። ከሆስፒታል ሳትወጡ የያዛችሁትን ዓይነትና መጠን በወረቀት አጽፉ፤ ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ያንን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ዝም ብሎ ከረጢት ላኩልኝ ማለት የማይገጥም ከረጢት ያመጣል፤ ለእኔ መጀመሪያ የመጣው የሽንት ነበር።

ምግብ ላይ ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። እንጀራ አልተከለከልኩም። ሽሮና ባቄላ አየር ያበዛሉ፣ ጥቅል ጎመንም እንዲሁ፤ ጾም ላይ እነዚህን ትቶ ምን ይበላል? መጠኑን ቀነስኩ፣ ለቅሶ ቤት ከመሄዴ በፊት አልበላቸውም ነበር፤ በቃ። ቤተ ክርስቲያን መግባቴን በተመለከተ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ ሕመም ነው፣ ታጥበህ ግባ አሉኝ። አጠገቤ የተኙት ሙስሊም አባትም ስለ ውዱእና ሰላት ተጨንቀው ኢማማቸውን አስጠይቀው ነበር፤ እርሳቸውም ልባቸው የሚያርፍበት መልስ አገኙ። ይህን የጻፍኩት ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ቀዶ ሕክምናውን እምቢ ሲል ስላየሁ ነው። ሳትጠይቁ እምቢ አትበሉ።

የፓቶሎጂ፣ ማለትም የወጣው አንጀት በላቦራቶሪ የተመረመረበት ውጤት ሲመጣ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የተቆረጡት ጫፎች ንጹሕ ናቸው ወይ፣ ስንት ንፍፊት ተመረመረ? ቢያንስ 12 እንዲመረመሩ ይፈለጋል፤ ከዚያ ካነሰ ንጹሕ ነው የሚለው ውጤት አያስተማምንም። የእኔ 17 ተመርምረው ሁለቱ ላይ ካንሰር ተገኘ፤ ጫፎቹም የቡአው ከረጢትም ንጹሕ ነበሩ። ደረጃ ሦስት ይባላል። ወረቀቱን ሦስት ቦታ ፎቶ ኮፒ አድርጉት፤ በሄዳችሁበት ሁሉ የሚጠየቀው እርሱ ነው።

ንፍፊት ላይ በመገኘቱ ኬሞቴራፒ ታዘዘልኝ። በደም ሥር የሚገባ ኦክሳሊፕላቲንና የሚዋጥ ካፔሲታቢን፣ በየሦስት ሳምንቱ፣ አራት ዙር። ቀድሞ ለዚህ ሁሉ ሰው ጥቁር አንበሳ መጉረፍ ነበረበት፤ ዛሬ ጎንደር፣ ጅማና ሐዋሳም የካንሰር ሕክምና ይሰጣል፣ ቅርባችሁን ጠይቁ። ኦክሳሊፕላቲን ከቅዝቃዜ ጋር ጠላት ነው። መድኃኒቱን በወሰድኩ ሰሞን ከጦሳ ተራራ በሚወርደው የጠዋት ብርድ ከቤት ስወጣ ጉሮሮዬ የታነቀ ይመስለኛል፤ የብረቱን በር ስነካ ጣቶቼን ኤሌክትሪክ የያዛቸው ያህል ይነዝረኛል። የሚያስጨንቅ እንጂ ትንፋሽ የሚዘጋ አይደለም። ጓንት፣ ሻርፕ፣ ሁሉም ውኃ ለብ ብሎ፤ በር የሚከፍተው ሌላ ሰው። ካፔሲታቢኑ ደግሞ መዳፍና እግርን ያቀላል፣ ይልጣል፤ በየቀኑ መቀባትና ጠባብ ጫማ መተው ይረዳል። ትኩሳት ከመጣ ግን ቤት ተቀምጦ ፓራሲታሞል መዋጥ የለም፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት።

ኬሞው አልቆ ሰውነቴ ካገገመ በኋላ በፊት መታየት ያልቻለው የቀረው አንጀት በኮሎኖስኮፒ ተፈተሸ፤ ቱቦው በሆዴ አፍም በታችም ገባ። ንጹሕ ሆኖ ስለተገኘ ሁለቱ ጫፎች ተገጠሙልኝ። ይህኛው ቀዶ ሕክምና ቀላል ነው የሚላችሁን አትመኑ፤ ሆድ እንደገና ይከፈታል፣ የተጣበቀው ይላቀቃል፣ ማገገሙም ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ወራት ሽንት ቤት አዘወትር ነበር፤ ቀስ በቀስ ረገበ። ለእኔ ትልቁ ቀን አየር በታች በኩል የወጣበት ዕለት ነበር፤ ባለቤቴ እልል አለች፣ በዚያ ክፍል ውስጥም እንግዳ ነገር አልነበረም።

አሁን በየጥቂት ወሩ የደም ምርመራ፣ በዓመቱ ሲቲ ስካን አለኝ። ብሽሽቴ ላይ ሳስል ጥቂት ብቅ የሚል ነገር አለ፤ ሐኪሟ ዳስሰው ለስላሳ ነው፣ ይመለሳል፣ መረቡን እናደርጋለን አይቸኩሉ ብለውኛል።

የመጀመሪያ ደረጃ ዘመድ፣ ማለትም ልጅ፣ ወንድምና እህት፣ ከ40 ዓመት ጀምሮ ወይም ታማሚው ከታወቀበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው፣ አንጀቱን እንዲመረመር ይመከራል። ታላቁ ልጄ ሄዶ ተመረመረ፤ ፖሊፕ የምትባል አንዲት ትንሽ የአንጀት ግድግዳ እብጠት ተገኝታበት እዚያው በቱቦው ተነቀለች። ታናሹ ገና አርባ አልሞላኝም እያለ ይከራከረኛል። ቡአ አለብህ ወይ ብዬ ብጠይቀው ደግሞ ወሬ ይለውጣል።